ቆዩ ብላናለች

ጫኝና አውራጆቹ «ሚዛን» ይሏታል። አንድ ከረጢት የጎደለ ከመሰላት፣ መኪናው ተጭኖ ሞተሩ ቢነሳ እንኳ «አውርዱ፣ ይመዘን» ስለምትል ነው። ሲነጫነጩ አትቆጣም። ወገቧን አስራ የከረጢቱን አንድ ጫፍ አብራቸው ትይዛለች።

«እትዬ ሚዛን፣ እኛንስ አትመዝኚንም?» ይሏታል።

«እናንተማ እንደቀለላችሁ ሳትመዘኑም ያስታውቃል» ትላቸዋለች። እንዲህ እየተባባሉ ይውላሉ።

አርባን ትንሽ አለፍ ያለች፣ ረዘም ያለች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ድሮ የዱቄት ፋብሪካ ንብረት ክፍል ነበር የምትሠራው። ውጊያው ወደ ከተማዋ ሲጠጋ ፋብሪካው ተዘጋ። ባሏ ከዚያ በፊት በሕመም ሞቶባት ስለነበር፣ ከእናቷ ጋር እቤት ዋለች። ተፈናቃዮቹ መምጣት የጀመሩት ያኔ ነው። ትምህርት ቤቱ ሞላ፤ ስታዲየሙ ሞላ፤ የአውቶቡስ መናኸሪያው ጣሪያ ሥር እግር መዘርጊያ ጠፋ። ምግብ የሚያከፋፍለው የእርዳታ ድርጅት መጋዘን የሚያውቅ ሰው ሲያፈላልግ እሷን ጠቆሙት። ለትንሽ ጊዜ ብላ ገባች፤ አስተባባሪ ሆና ቀረች።

ሥራው ከውጭ ለሚያየው ስንዴ ማደል ነው። ከውስጥ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ማብቃቃት ነው። ጠዋት ጠዋት በትምህርት ቤቱ የመምህራን ክፍል ውስጥ ስብሰባ አለ፤ የውሃ ሰዎች፣ የጤና ሰዎች፣ የማብሰያው ሰዎች ይመጣሉ። ክክ ሲኖር ዘይት የለም፤ ዘይቱ ሲመጣ ክኩ አልቋል። ዱቄቱ ለሕፃናቱ ከሆነ ለነፍሰ ጡሮቹ ምን ይሁን? ስታዲየሙ ዛሬ ከወሰደ መናኸሪያው ስንት ቀን ይታገሣል? ከዚያ ሰልፉ አለ። ሰልፍ በማስያዝ የሚስተካከላት አልነበረም። ሽማግሌዎቹን ጥላ ሥር ታስቀምጣለች፤ ያረገዙትንና ያዘሉትን ወደፊት ታመጣለች፤ መነሳት ላቃተው ድንኳን ጎረቤቱ እንዲወስድለት ታደርጋለች። ሰው ሲጋፋ አትጮህም፤ ሄዳ አጠገቡ ትቆማለች።

አንድ ሕግ ነበራት። «ነገ» የምትባለዋን ቃል ከአፏ አታወጣም። ሥራ በጀመረችበት ሰሞን አንዱ ባለሥልጣን ለሰዎች «ነገ ይደርሳችኋል» ብሎ ሄዶ፣ ሰዎቹ በሩ ላይ በዝናብ ሲጠብቁ ውለው ማደራቸውን አይታለች። ከዚያ ወዲህ ማንም «መቼ ነው?» ቢላት «እየሞከርን ነው» ነው መልሷ። ጎረምሶቹ ጫኞች ይህቺን እንኳ አላለፏትም። «ምሳ ደረሰ?» ሲባባሉ «እየሞከርን ነው!» ይባባላሉ።

ሰውዬው የደወለው በዚህ መሐል ነው።

«ሄሎ! ስንዴ የምታድይው አንቺ ነሽ?» አላት። የጎለመሰ፣ ትንሽ ሻከር ያለ፣ ዳር ዳሩ ላይ ሳቅ ያለበት ድምፅ ነው።

«ማን ልበል?»

«ከወንዙ ማዶ የውሃ ሞተር ጠባቂ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሞተር ስጠብቅ ኖሬ፣ አሁን ሰው ጠብቅ ተብያለሁ። ስልክሽን ወደናንተ የሸሸች ጎረቤታችን ናት፣ ‹ሚዛን ይሏታል› ብላ የሰጠችኝ።»

ማዶ ያለውን ነገር እንደ ዘበት አድርጎ ነገራት። ድልድዩ ተመቷል። ወንዙን ግራና ቀኝ የታጠቁ ሰዎች ይዘውታል። አዝመራው ተቃጥሏል፤ ገበያ ከቆመ ቆይቷል። ውሃ ያለው እሱ ዘንድ ብቻ ስለሆነ የየመንደሩ ሰው ተጠራርቶ እዚያ ሰፍሯል። ስልክ የሚሠራው ጉብታው ላይ፣ የውሃው ታንከር ያለበት ብቻ ነው። ባትሪውን ከሞተሩ ይሞላል፤ ሞተሩ የሚነሳው ናፍጣ እስካለ ድረስ ነው።

ከዚያ ጠዋት ጀምሮ በየዕለቱ፣ ሻይ በምትጠጣበት ሰዓት መደወል ጀመረ። ስንት ሰው እንደታመመ፣ ስንት እናት ወተት እንደነጠፈባት ይነግራታል። እሷም የምታውቀውን ታካፍለዋለች፤ ውሃውን አፍሉት፣ ያለችውን ዱቄት አቅጥናችሁ መጀመሪያ ለሕፃናቱ ስጡ፣ ሲታደል እንዳትረጋገጡ ሰዉን እንዲህ እንዲህ አስቀምጡት ትለዋለች።

አንድ ቀን «ዛሬ ምን በላችሁ?» ብላ ጠየቀችው።

«ነፋስ» አላት። «ጨው ግን አንሶት ነበር።»

ሳቀች። ወዲያው ደግሞ በመሳቋ አፈረች። እሱ ግን ደስ አለው። «ተመስገን፣ ዛሬ አንድ ሰው አሳቅሁ» አለ። ስለ ቤቷም ጠየቃት። እናቷ ጆሯቸው እንደከበደ፣ በዚያ ላይ «ለሰው ሁሉ ታበያለሽ፣ እቤትሽ ስትገቢ አፍሽን ትዘጊያለሽ» እያሉ ሲቆጧት እንደሚያመሹ ነገረችው። ለምን እንደነገረችው አታውቅም። ለማንም እንዲህ አውርታ አታውቅም ነበር።

የድርጅቱ ኃላፊ ከእሷ በዕድሜ የሚያንስ፣ ፂሙን መላጨት የተወ፣ ቢሮው ውስጥ ፍራሽ ያስገባ ሰው ነው። «ማዶ ያሉት እያለቁ ነው» ብላ ስትነዘንዘው እሱም የበላዮቹን ነዘነዘ። ለምነው፣ ደጅ ጠንተው፣ በመጨረሻ ፈቃዱ መጣ። መኪናዎቹ ተጫኑ። ከፊተኛው መኪና ሾፌር አጠገብ ተቀመጠች። ሾፌሩ አዛውንት ነው፤ ከባድ መኪና እንደ ሕፃን አልጋ እያባበለ ስለሚነዳ «ኤሊው» ይሉታል፤ እሷ ግን «ጋሼ» ነው የምትለው።

ወንዙ ዳር ኬላ አለ። የኬላው አዛዥ ወረቀቱን አገላብጦ አየና «እኔ ዘንድ ትዕዛዝ አልደረሰም» አለ። ተለመነ። በሬዲዮ ተጠየቀ። መልስ ጠፋ። ማሻገሪያ የተባሉት ጀልባዎች ባዶአቸውን ተጎልተዋል። ፀሐዩ አናታቸው ላይ እስኪቆም ጠበቁ፤ ከአናታቸው እስኪያዘነብልም ጠበቁ። ማዶ፣ ጉብታው ላይ፣ የታንከሩ ቆርቆሮ ሲያብረቀርቅ ይታያታል። የዚያን ጊዜ ስልኳ ጮኸ።

«አየኋችሁ!» አለ የሞተሩ ሰውዬ፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «አቧራችሁን አየሁት! ነጩ መኪና ፊት ነው አይደል? ሰዉን ልጥራ?»

«ወንድሜ» አለችው፣ «እንዳትጠራ።»

ጥቂት ቆይቶ ከላይኛው ዳርቻ ተኩስ ተሰማ። አዛዡ «ዙሩ! ዙሩ!» እያለ እጁን አወናጨፈ። መኪናዎቹ ከነጭነታቸው ዞሩ። ኤሊው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ በፍጥነት ነዳ።

በማግሥቱ ሲደውል ሳቁ ከድምፁ ውስጥ የለም።

«ሰዉ መኪናችሁን አይቷል፤ እኔ ባልጠራውም አይቷል። አሁን ግማሹ በእግር እንሂድ ይላል፤ ታች ወርደን ወንዙ በሚሳሳበት እንሻገር ይላል። ግማሹ ደግሞ ምግቡ ደጃችን ደርሶ የት እንሄዳለን ይላል። ምን ልበላቸው? ቆዩ ልበል? ሂዱ ልበል?»

«እኔ እሱን ልልህ አልችልም» አለች። «መንገዱን አላየሁትም። ቆዩ ብዬ ባንመጣስ? ሂዱ ብዬ ወንዝ ቢበላችሁስ? የማውቀውን እውነቱን ንገራቸው፤ እየሞከርን ነው።»

«እሱን ነግሬአቸው ነበር» አለ። «ሰው ግን ቁርጥ ያለ ነገር ነው የሚፈልገው እህቴ። ስህተትም ቢሆን ቁርጥ ያለ።»

«አልችልም።»

«ገባኝ» አለ። ቅያሜ አልነበረበትም። አለመቀየሙ ነው ኋላ የከፋባት።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ጊዜ ደወለ። የመጨረሻው ቀን ናፍጣው ማለቁን፣ ከስልኩ ባትሪ መስመር አንዲት ብቻ መቅረቷን ነገራት። «ብጠፋ ተኝቶ ነው አትበይ፤ ደግሞም እንዳትረሽን» አለ። «እናትሽንም ሰላም በይልኝ።» ልትመልስለት ስትል ተቋረጠ።

ደጋግማ ደወለች። ስልኩ ዝግ መሆኑን የምትናገረው የተቀዳች ሴት ብቻ ናት የምትመልሰው። ሻይ በምትጠጣበት ሰዓት ስልኳን ብርጭቆዋ አጠገብ ታኖረዋለች። ሳይጮህ ይጮህባታል፤ ታነሳዋለች፣ ማንም የለም። ሰልፍ ስታስይዝ ከኋላ «እህቴ» የሚል ሻካራ ድምፅ ትሰማለች፤ ዞር ስትል፣ ከረጢቱን ከፍቶ ይዞ የሚጠብቅ ሌላ ሰው ነው። እናቷ እንኳ፣ ጆሯቸው የከበደው፣ «ስልክሽ ጠራ እንዴ?» ይሏት ጀመር። ደጋግማ ብድግ ስትል ያዩአታላ።

አንድ ቀትር ላይ ጎረምሶቹ ምሳ በልተው ሲመለሱ፣ መጋዘኑ ውስጥ ከከረጢቶቹ ጀርባ ስታወራ ሰሟት። «እየሞከርን ነው ወንድሜ… አዎ… ዘይቱ ነው የቀረው… ትንሽ ታገሡን» ትላለች። ዞረው ሲያዩ ስልኩ ጆሮዋ ላይ ነው፤ መብራቱ ግን ጠፍቷል። በሌላ ቀን ቢሆን መሳቂያ ያደርጓት ነበር። ያን ቀን ግን ቀስ ብለው ወደ በሩ ተመልሰው፣ እየሳሉና ኮቴአቸውን እያሰሙ እንደገና ገቡ።

ከማዶ በእግር የወጡት ጥቂት ቆይተው መድረስ ጀመሩ። ወንዙን ታች ወርደው የተሻገሩ ናቸው። ሙሉ ሆኖ የደረሰ ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ አንዷ ሴት የልጇን ጫማ ብቻ ይዛ ነበር። በእጇ የመዘገበቻቸው ሚዛን ናት። ሁሉንም «የሞተሩ ጠባቂ እንዴት ነው?» ትላለች። «ስንወጣ ደህና ነበር፤ እሱ አልሄድም አለ» ይሏታል። ከዚያ በላይ የሚያውቅ የለም።

ወራት ካለፉ በኋላ ተኩስ ማቆም ላይ ተስማሙ ተባለ። መሐንዲሶች መጥተው በተመታው ድልድይ ላይ ብረት አነጠፉ። የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ሲነሱ ኃላፊው «አንቺ እዚሁ ሁኚ፣ ደክመሻል» ቢላት፣ መልስ ሳትሰጠው ከኤሊው አጠገብ ወጥታ በሩን ዘጋች።

ብረቱ ከጎማው ሥር እየተንቋቋ ተሻገሩ። መንደሩ ሲደርሱ ያየችው ነገር ከመኪናው እንዳትወርድ እግሯን ያዘው። ሰዉ ተሰልፏል። መኪናዎቹ ይመጣሉ ብሎ የነገራቸው የለም፤ አቧራውን አይተው ነው። ግን ተሰልፈው ጠበቋቸው። ሽማግሌዎቹ ከግድግዳው ጥላ ሥር ናቸው፤ ያዘሉት ከፊት፣ ያረገዙት አጠገባቸው። የራሷ ሰልፍ ነው። ማንም አልተጋፋም። ለመጋፋትም አቅም የነበረው ጥቂት ነው።

ስትወርድ አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን ጥለው በሁለት እጃቸው ፊቷን ያዙት።

«መጣሽልን! ድምፅሽን ሰምተነው አናውቅም እንጂ፣ አንቺንስ እናውቅሻለን። እናትሽ ጆሯቸው እንዴት ሆነ? አሁንም ይቆጡሻል?»

«ደ… ደህና ናቸው» አለች።

ሰዉ ከበባት። እያንዳንዱ የእሷ የሆነ ቃል በእጁ አለ። «ቅጠሉን ደጋግማችሁ ቀቅሉት፣ መራራው ይወጣል ብለሽ ልከሽልን አዳነን» አለች አንዷ። ስለ ቅጠል ተናግራ አታውቅም። «ልጄ የተወለደ ዕለት ስም አውጥተሽለታል» አለች ሌላዋ፣ ጨቅላውን ወደ እሷ ከፍ አድርጋ። «መኪናው ተጭኗል ያልሽ ዕለት እኮ ስንዘፍን ዋልን!» አለ አንድ ሽማግሌ። ሚዛን አንዱን እያየች ወደ ሌላው ትዞራለች። የሰማችውን ሁሉ ብላው የረሳችው መሰላት።

«የሞተሩ ጠባቂስ?» አለች በመጨረሻ።

አሮጊቷ በአገጫቸው ወደ ጉብታው አመለከቱ። ታንከሩ ሥር አዲስ የድንጋይ ክምር ነበር።

«ትኩሳት ይዞት ነበር፤ የሚበላውንም ለሰው ነበር የሚሰጠው» አሉ። «እስከ መጨረሻው ግን አንድ ቀን አላጎደለም። በየጠዋቱ ወጥቶ ካንቺ ጋር አውርቶ ይወርድና ያልሽውን ይነግረናል። ያን ዕለትም ወርዶ ‹ድልድዩን እየሠሩት ነው ብላለች› አለንና፣ ቁጭ አለ። አልተነሳም። ተኩሱ ገና አልቆመም ነበር።»

ድልድዩ መሠራት የጀመረው ተኩሱ ከቆመ በኋላ እንደሆነ ሚዛን ታውቃለች።

ሥራው ተጀመረ። ከረጢቱ ወረደ፤ የጤና ሠራተኞቹ የሕፃናቱን ክንድ እየለኩ የከሱትን ወደ ጎን አወጡ፤ ለነሱ ገንፎው ለብቻ ተዘጋጀ። እጇ የለመደውን ይሠራል፤ ጆሮዋ ግን የለም። መሐል ላይ አንድ ሰው ተራው ደርሶ ከረጢቱን ሳይዘረጋ ፊቷ ቆመ። ትከሻው ሰፊ ነው፤ በላዩ ላይ ሥጋ የለውም። ከኋላው ሚስቱና አንድ ወንድ ልጅ አሉ።

«ሚዛን ማለት አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ልንሄድ ነበር» አለ። «ከነዚያ ጋር። ልጅቷን አዝዬ፣ ዕቃችንን ጠቅልለን ወጥተን ነበር። ጠባቂው እየሮጠ መጥቶ ‹ቆዩ ብላናለች፤ መንገዱ አይሆንም፣ ቆዩ ብላናለች› አለን። መለስኳት። ልጅቷ እዚሁ ሞተችብኝ። ቆዩ ብለሽ ነበር ወይ?»

ከሰልፉ ራቅ ብላ ጥቁር ነጠላ የለበሰች ሴት ቆማለች። ከአቋቋሟ የጠባቂው ሚስት መሆኗ ማንም ሳይነግራት ለሚዛን ገባት። ሴትዮዋ አትለምንም፤ በዓይኗም ምልክት አትሰጥም። የገዛ እጆቿን ነው የምታየው። ሰልፉ ሁሉ ጆሮውን አቁሟል። ሞቶ እንኳ ታንከሩ ሥር የቀበሩት፣ ጠዋት ጠዋት አፉን እያዩ የኖሩት ሰው ስም በመልሷ ላይ ነው።

«አዎ» አለች ሚዛን። «ብዬ ነበር።»

«ለምን?»

«መንገዱን ፈርቼላችሁ።»

አባትየው ሲያያት ቆየ። ሊመታት ይሆናል ብሎ ኤሊው ከመኪናው ወርዶ ነበር። ሰውዬው ግን ከረጢቱን ዘረጋ፤ ተሰፈረለት፤ አመስግኖም ተራግሞም ሳይናገር ሄደ።

አመሻሽ ሲሆን ባልቴቷ መጥታ እጇን ይዛ ወደ ሞተር ቤቱ አገባቻት። መኖሪያቸው እዚያው ከሞተሩ ጎን የተከለለች ክፍል ናት። ግድግዳው የናፍጣ ሽታ አለው። አልጋው ላይ አስቀመጠቻትና ራሷ የሞተሩ መቀመጫ ላይ ቁጭ አለች።

«ስልኩ ሬሳ እንደሆነ አውቅ ነበር» አለች። «ናፍጣ ከየት መጥቶ? አንድ ቀን ተከትዬው ወጣሁ። ጆሮው ላይ አድርጎ ያወራል። ‹እሺ እህቴ፣ እሺ› ይላል። ዝም ብሎ ያዳምጥና ‹እነግራቸዋለሁ› ይላል። አበደብኝ ብዬ ልጮህ ነበር። ሲጨርስ ግን ስልኩን ኪሱ ከትቶ፣ ተቀምጦ አለቀሰ። ከዚያ ፊቱን ጠራርጎ ወረደ። ከታች የሚጠብቀው ሰው ጋ ሲደርስ ፈገግ ብሏል።»

«ምንም አላልሽውም?»

«ምን ልበለው? እኔም እኮ እጠብቅ ነበር!» አለች ባልቴቷ። «ውሸት መሆኑን እያወቅሁ፣ ማታ ስንተኛ ‹ዛሬስ ምን አለች?› እለው ነበር። እሱም ይነግረኛል። ለሰዉ ያልነገረውን ለኔ ይጨምርልኛል።»

ሚዛን ከመጋዘኑ ከረጢቶች ጀርባ ያወራችውን፣ ጎረምሶቹ እንደሰሟት የምታውቀውን፣ ለዚህች ሴት ልትነግራት ፈለገች። አልሆነላትም። ተነስታ አቀፈቻት።

ስትመለስ ነገሩን ለእናቷ ጆሯቸው ላይ ጮክ እያለች አወራቻቸው። እናትየው ስለ ጆሯቸው የጠየቁትን ሴትዮ ሲሰሙ «ውይ ልጄ፣ ባላየሁት አገር ስሜን አስነሳሽው!» ብለው ሳቁ። ስለ ልጅቱ ሲሰሙ ግን ሳቁን ተዉት።

«በኔ አፍ ነው ቆዩ ያላቸው፣ እማዬ።»

«አንቺ ብትሆኚስ ምን ትይ ኖሯል?»

«እንጃ።»

«እንግዲህ» አሉ እናትየው።

የስልኩ ጩኸት ቀረላት። በምትኩ የገዛ ድምፅዋ መጣባት። ሳህን ስታጥብ፣ ደረጃ ስትወጣ፣ በስብሰባው መሐል «ቆዩ» ስትል ትሰማለች፤ ዝግ ባለው በራሷ ድምፅ፣ ቁርጥ አድርጋ። አንዳንድ ጊዜ ከየት አቅጣጫ እንደተነገረ ለማወቅ ዞር ትላለች። ለኃላፊው አልነገረችውም። እረፍት ውሰጂ ሲላት ሥራ እየጨመረች፣ ወደ ማዶ የሚሄደውን መኪና ሁሉ ራሷ ትከተላለች።

ማዶ የምትለው ሁሉ ሕግ ሆኗል። «ዛሬ ደመና ነው» ብትል ሰው የዘረጋውን እህል ያስገባል። ባልና ሚስት ተጣልተው እሷ ትዳኘን ብለው መኪናው እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ጠባቂው በአፉ ያቆማት ሌላዋ ሚዛን፣ ሁሉን የምታውቀዋ፣ ከሷ ቀድማ በየቤቱ ገብታለች። አንዳንዱ «አምና እንዲህ ብለሽ አልነበር?» ይላታል። «እኔ እንጃ» ትላለች። ትሑት ስለሆነች ነው ይላሉ።

ከዝናቡ በፊት ዘር ይዘው የሄዱ ዕለት አባትየው መጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከረጢቱን ከመዘርጋት በቀር አናግሯት አያውቅም።

«ልዝራ ወይስ ቤተሰቤን ይዤ ልውጣ?» አላት። «ተኩሱ ይመለሳል የሚል ወሬ አለ። ሌላው ሁሉ እሷን ጠይቅ አለኝ።»

«ሌላው ሁሉ የሚለውን ተወውና፣ አንተ ራስህ ምን ታስባለህ?»

«እኔማ ባለፈው ያሰብኩትን ትቼ ነው የሰማሁሽ።»

ቃሉ ዘልቆ ገባ። መሬት ላይ ተቀመጠች፤ እሱም ተቀመጠ። ያኔ በዕድሜዋ ብላ የማታውቀውን ያህል ተናገረች። መጋዘኑ ውስጥ ምን ያህል እህል እንዳለ፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ የሚቀጥለው ጭነት ቃል የተገባ እንጂ መርከብ ላይ ያልወጣ መሆኑን ነገረችው። ድልድዩ በጎርፍ ጊዜ ሊዘጋ እንደሚችል፣ ስታዲየሙ ውስጥ ድንኳን እንዳለ፣ ሥራ ግን እንደሌለ፣ ልጆች ላይ ሳል እንደበዛ ነገረችው። ስለ ተኩሱ ምንም እንደማታውቅ፣ የሚያውቅ የሚመስላትም ሰው እንደሌለ ነገረችው። አንዱንም አላሳመረችለትም። አባትየው እያቋረጠ ይጠይቃታል። ስታበቃ ልብሱን አራግፎ ተነሳ።

«እንሄዳለን» አለ።

ባዶው መኪና ሲመለስ ቤተሰቡ ከኋላ በተጣጠፉት ከረጢቶች ላይ ተቀመጠ። ሚስትየው ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ፊቷን ወደ መንደሩ አዙራ፣ በደረቷ ላይ አንዲት ትንሽ ብርድ ልብስ ይዛ ነበር። ኤሊው መንገዱን ሁሉ ጉድጓዱን እየሸሸ ነዳ።

ከከተማው መግቢያ ላይ አባትየው ጣሪያውን መታ መታ አደረገ። መኪናው ቆመ። ሚዛን ወርዳ «ስታዲየሙ ገና ነው፤ እናድርሳችሁ» አለች።

«ይበቃል» አለ። ልጁን አወረደ፤ ሚስቱን ደግፎ አወረደ፤ ጓዙን ተሸከመ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኗን አያት። «ወዴት ሄዱ ብለው ማዶ ቢጠይቁሽ፣ ራሱ ወስኖ ነው በያቸው» አላት።

«እላቸዋለሁ።»

«እንዲያውም እንደዚያው፣ ቃል በቃል።»

ወደ ስታዲየሙ በሚወስደው መንገድ አልሄዱም። በግራ በኩል፣ አዲስ ቤት በሚሠራበት ሰፈር አቋርጠው፣ ልጁ መሐል ሆኖ፣ ሲርቁ አየቻቸው። የት እንደደረሱ አልሰማችም። ስታዲየሙንም፣ መናኸሪያውንም፣ የትምህርት ቤቱን ክፍሎችም አንድ በአንድ ጠይቃለች፤ ያያቸው የለም። በሚቀጥለው ጉዞ ማዶ ሰዎች ከበው ሲጠይቋት፣ እንዳላት ቃል በቃል ነገረቻቸው። አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁና ከኋላ ለቆሙት ጮክ ብለው አስተላለፉ፤

«ሂዱ ብላቸው ነው የሄዱት።»